ፀሐይ ከወጣች በኋላ የመጣው ውሃ

ቨርሊን ከጠዋት ጀምሮ አራት ጊዜ ድልድዩ ድረስ ተመላልሳለች። አውሎ ነፋሱ ሌሊቱን አልፏል፤ ከባሕር ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የራቀችው ትንሿ ከተማ መብራት ከመጥፋቱና ዛፎች ከመውደቃቸው በቀር ምንም አልሆነችም። ጎረቤቶቿ ልብስ እያሰጡ ይስቁባታል። እሷን ግን መቀመጥ አቅቷታል። በላይኛው አገር ሦስት ቀን ሙሉ የወረደው ዝናብ ገና መንገድ ላይ ነው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመትም ውሃው የገባው ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነበር።

ለአምስተኛ ጊዜ ስትሄድ ወንዙ የድልድዩን ወለል ይልስ ነበር። ሮጣ የቤተ ክርስቲያኑን አውቶቡስ አስነሳች፤ እሑድ እሑድ አዛውንቶቹን የምታመላልሰው እሷ ስለሆነች ቁልፉ እጇ ላይ ነው። እሺ ያሏትን አሥራ አንድ ሰው ጫነች። ሳትጠይቀው የቀረው ታላቅ ወንድሟ ሆዚያ ነው።

ደጃፉ ላይ ሥጋ ይጠብሳል።

"ተነስ፣ እንሂድ!"

"ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሁሉ ሊበላሽብኝ ነው፣ የት እሄዳለሁ? ደግሞስ ባሕሩ የት፣ እኛ የት?"

"ባሕሩን ማን አነሳ? ወንዙን ነው የምልህ!"

"አንቺ ደመና ባየሽ ቁጥር ሻንጣ ታነሻለሽ።"

አሮጊቷ ሚስ ኦዴሳ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ አሉ። "ቨርሊን! ልትወስጂን ነው ወይስ እዚሁ ልታሰምጪን?"

ቨርሊን ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ካልሄድክ አልሄድም። ለሰዎቹ አንተው ንገራቸው።"

ሆዚያ በአውቶቡሱ መስኮቶች የሚያዩትን ሰዎች አየ። ተሳደበና መጥበሻውን እንዳንጠለጠለ ተሳፈረ። "በልጅነትሽም እንዲሁ ነበርሽ! ያልሽው ካልሆነ መሬት ላይ ቁጭ!"

ኮረብታው ላይ ያለው ትምህርት ቤት ከደረሱ በኋላ ሰዓታት አለፉ፤ ምንም አልመጣም። ሆዚያ "ቁልፉን አምጪ" እያለ ይነዘንዛት ጀመር። እሷ ቁልፉን ጫማዋ ውስጥ ደብቃ ግቢውን ትዞራለች፤ ራሷም መጠራጠር ጀምራለች።

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ የእንጨት መሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ። ቡናማው ውሃ ዋናውን መንገድ ሞልቶ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ ከሆዚያ ቤት የሚታየው ጣራው ብቻ ሆነ።

ሆዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ "እነዚያ ልብስ ሲያሰጡ የነበሩትስ?" አላት።

"ነግሬያቸው ነበር። ሳቁብኝ።"

"ጀልባ ያለው ማነው?" ብሎ ግቢው ውስጥ ጮኸ።

ጀልባውን ይዞ እዚያው የተጠለለ አንድ ዓሣ አጥማጅ እጁን አነሳ። ሁለቱ ወንዶች ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ሰባት ሰው ከጣራ አወረዱ። ቨርሊን እያንዳንዱን በስሙ እየጠራች ውሃው ዳር ተቀበለች፤ ሰባተኛው ከጀልባ እስኪወርድም አልተቀመጠችም።