ሽያጩ የተዘጋው የዓርቡ በረራ

የልብስ ሰፊዋ የአውሮፕላን ትኬት ለእሑድ ነበር። ሰኞ ጠዋት እህቷ የልብ ቀዶ ጥገና አለባት፤ እጇን ሳልይዝማ ቢላ አይነካትም ብላ ምላለች። ማክሰኞ ዕለት ግን ከአየር መንገዱ መልእክት መጣ። ልጇ አነበበላት።

«እማዬ፣ ወደ እህትሽ ከተማ የሚበርበት መስመር ሊዘጋ ነው። የመጨረሻው በረራ ዓርብ ነው። ገንዘብሽን ይመልሱልሻል፤ እዚች ጋ ነካ ካደረግሽ አለቀ። ከዚያ የዓርቡን እንገዛለን።»

«ጣትህን ሰብስብ! ያልገባኝን ነገር አልነካም። ሄጄ በአፌ እጠይቃለሁ።»

ልጇ እያጉረመረመ ትኬት ቢሮ ድረስ ተከተላት። ትኬቷን ሰጥታ ስለ መልእክቱ ስትጠይቀው፣ ትኬት ሻጩ ከመስታወቱ ጀርባ ቀና ሳይል «እማማ፣ እሱኮ በስልክ ያልቃል» አላት።

«ስልኩ ጥያቄ መች ይመልሳል? የዓርቡ አውሮፕላን ሞልቷል?»

«አልሞላም፤ ሃያ ሦስት ባዶ ወንበር አለው። ሽያጩ ግን ተዘግቷል።»

«ወንበሩ ባዶ፣ ሱቁ ዝግ! እንዲህ ያለ ንግድ ገና ዛሬ አየሁ። ለምን ተብሎ?»

ትኬት ሻጩ ሳቀና ቀና አለ። «መስመር ሲዘጋ ቀድሞ የሚቆመው ሽያጩ ነው። ከዓርብ በኋላ ላለው በረራ ትኬት የቆረጡ መንገደኞች አሉና ወንበሩ ለእነሱ ይቆያል። የተረፉትን በሌላ አየር መንገድ አዙረን እንልካለን፤ የሚቀጥለው ማክሰኞ ይደርሳሉ።»

«እኔስ ለእሑድ የቆረጥኩ አይደለሁም እንዴ?»

«ነዎት።»

«እና መልእክቱ ላይ ይሄን ምን ዋጠው?»

ሰውዬው አንገቱን አከከ። «የሚጽፈው ሌላ ክፍል ነው።»

«ገንዘቤን ተቀብዬ ቢሆንስ?»

«ትኬትዎ ይሰረዝ ነበር። ያኔ እንደ አዲስ ገዢ ነዎት፤ ለአዲስ ገዢ ደግሞ ዝግ ነው።»

ልጇ ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ። እሷ ዞር ብላ አየችው። «ሰማህ፣ የኔ ጠበቃ?»

«ወደ ዓርብ ላዛውርዎት?» አለ ትኬት ሻጩ። «ጭማሪ የለውም።»

«አዛውረኝ እንጂ! ለዚሁ አይደል የቆምኩት?»

ወረቀቱ እስኪወጣ ደግሞ ጠየቀች። «ከዓርብ በኋላ አውሮፕላኑስ ወዴት ይሄዳል?»

«ሌላ መስመር ይሰጡታል።»

«አንተስ?»

ትኬት ሻጩ ወረቀቱን አጥፎ ሰጣት። «እስካሁን የነገረኝ የለም።»

«አይ! ለአውሮፕላኑ ያሰቡለትን አንተን ነፈጉህ?» አለችውና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሂድና ጠይቃቸው፣ ልጄ። ዝም ካልካቸው ዝም ይሉሃል።»

ደጃፉ ላይ እንደወጣች ለእህቷ ደወለች። «ዓርብ ከች እልልሻለሁ! ፍራሽሽን አንጥፊልኝ።»

እህቷ በደስታ ስትስቅ ቆይታ ድንገት ጠየቀቻት። «ቆይ እንጂ፣ መስመሩ ከተዘጋ በምን ትመለሻለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ቢሮው በር ዞራ አየች።

«እሱን ሳልጠይቅ ወጣሁ» አለች።