ያላደገው ሰኮና

ሰኮና ከርካሚው የላሟን የኋላ እግር በሰፊ ጠፍር ከምሰሶው ጋር አንጠልጥሎ ካሰረ በኋላ፣ የሰኮናዋን ሥር በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ።

"የቱ ነው ያነከሰው?"

"እሱ ነው መሰለኝ" አለች ባልቴቷ። "ካልሆነም የፊቱ።"

"እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ እኔ ነኝ የማነክሰው። እሷ ስትገባ አይቻታለሁ፤ ቀጥ ብላ ነው የምትረግጠው።"

ባልቴቷ አቀርቅራ ጭድ ትገፋ ጀመር። የከርካሚውን ስም የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሞረዱ ከእጁ ስለማይጠፋ ሁሉም "ሞረድ" ይለዋል። ድሮ በዓመት አንዴ ሁለቴ ነበር የምትጠራው። ባሏ ሞቶ፣ ልጇም አግብታ ራቅ ካለ ከተማ ከገባች ወዲህ ግን ላሟ ነጋ ጠባ "ታነክሳለች"። የባልቴቷ ስልክ ከጮኸ ደግሞ ደዋዩ አንድም ተሳስቶ ነው፣ አንድም ማስታወቂያ ነው።

ሞረድ ላም ጋር ዝም ብሎ አይቀርብም። ላም በዝምታ የመጣባትን ሰው ትረግጣለች ባይ ነው። ስለዚህ ከበሩ ጀምሮ "እንዴት አደርሽ የኔ እመቤት? ደህና ነሽ? መጣሁ፣ እኔ ነኝ" እያለ ይገባል፤ እጁን ከዳሌዋ ወደ እግሯ ሲያወርድም ወሬውን አያቋርጥም። ባልቴቷ ግድግዳውን ተደግፋ ታዳምጣለች። ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ አናግሯት አያውቅም።

"የሚቆረጥ የለም" አለ ሞረድ። "ባለፈው የከረከምኩት ገና አላደገም። ይኸው፣ ስጫነው ይሰረጉዳል። ከዚህ በላይ ከሳሳ ጠጠር በረገጠች ቁጥር ነው የሚያማት።" ጠፍሩን ሊፈታ እጁን ዘረጋ።

"ከመጣህ አይቀር ትንሽ ንካው፤ ጫፉን ብቻ" አለች ፈጠን ብላ።

ቀና ብሎ አያት። ፊቷ አንጀቱን በላው።

"እሺ፣ ካሉ" አለና ቆልማማውን ቢላዋ አነሳ። "ተረጋጊ የኔ ቆንጆ፣ አሁን እንጨርሳለን።"

ስስ ልጣጭ ተነሳ፤ ከሥሩ ቀላ ያለው ታየ። ላሟ ቆዳዋን አንቀጥቅጣ እግሯን ሳበች።

"ተው፣ በቃ!" ባልቴቷ ክንዱን ያዘችው። "ምንም አልሆነችም። ዋሽቼህ ነው። ሰው ርቦኝ ነው የጠራሁህ። ከእሷ ጋር ስታወራ መስማት ደስ ይለኛል።"

ሞረድ ጠፍሩን ፈታ፣ የላሟን ዳሌ ቸብ ቸብ አደረገ፣ ቢላዋውን ጠራርጎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ባልቴቷ አፈረች። ከእንግዲህ ይህን ሰው አላየውም አለች በልቧ።

በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ክረምቱ አልፎ ሰኮናዋ እስኪያድግ ይቺ ላም ቢላዋ አይነካትም። ብትጠሪኝም ይዤ አልመጣም" አለ። ተቆጥቶ ነው መሰል፣ አንቱታውን ረሳው።

"ልክ ነህ።"

"ያለ ቢላዋ ግን መምጣት እችላለሁ። መቼ ልምጣ?"

"ሲመችህ" ልትል ነበር። ለልጇም በደወለችላት ቁጥር የምትላት "ሲመችሽ ነይ" ነው፤ እስከ ዛሬም አልተመቻትም።

"ነገ" አለች።