እማማ በረኪና

ሰፈርተኛው «እማማ በረኪና» የሚላቸው በክፋት አይደለም። በደጃቸው ያለፈ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ስለሚያልፍ ነው። ስሙ የወጣላቸው ግን ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። የልጅ ልጃቸው እሳቸው ዘንድ ውላ ስትመለስ ሆዷን አመማትና ምራታቸው «እማማ፣ ቤቱ ትንሽ ንጽሕና ይጎድለዋል» አለቻቸው። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ እሳቸው ሆድ ውስጥ ግን ተሰንቅሮ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሕፃኗን ያዩዋት በስልክ ብቻ ነው። የስልክ ልጅ ደግሞ አትታቀፍም።

ትናንት ልጃቸው ደወለ። «እማዬ፣ ነገ ይዘናት እንመጣለን። እናቷም እሺ ብላለች።» «እሺ ብላለች» የምትለው ነገር ትንሽ ጎረበጠቻቸው፤ ቢሆንም ዋጥ አደረጓት።

ዛሬ ገና በማለዳ ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ። ወለሉን በበረኪና ፈተጉ፣ የበሩን እጀታ በአልኮል ወለወሉ፣ ሕፃኗ ትልሰው ይሆናል ብለው የጠረጴዛውን እግር ሳይቀር በሳሙና አጠቡ። በመጨረሻ ሽንት ቤቱ ላይ በረኪና ደፉበት፤ ዳር ዳሩን የያዘው ቢጫ ግን ንቅንቅ አልል አለ። እልኸኛ ናቸው። አንዱ ያቃተውን ሁለት ሆነው አያቅታቸውም ብለው የሽንት ቤት አሲድ ጨመሩበት።

ተንቸከቸከ። ሽታው ጉሮሯቸውን አንቆ ያዛቸው። እያሳሉ፣ እንባቸው እየወረደ ወደ ደጅ ሲሮጡ ከእንግዶቹ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?» አለ ልጃቸው።

«ምንም! ግቡ እንጂ፣ ቤቱን እኮ አጽድቼዋለሁ!»

ምራታቸው ሕፃኗን በጃኬቷ ሸፍና ወደ ኋላ አለች። «ቀላቀሏቸው እንዴ? እማማ፣ ይሄ እኮ መርዝ ነው።» አሁንም ቀስ ብላ ነው። ክፉ ብትሆን ይሻላቸው ነበር፤ ቢያንስ የሚቀየሙት ሰው ያገኙ ነበር።

እጃቸውን ዘረጉ። ሕፃኗም ዘረጋች። ግን ቀሚሳቸውም ያን ሽታ ይዞ ኖሮ ትንሿ ሳለች፤ እናትየው ወደ መኪናው ይዛት ሄደች።

ልጃቸው አፉን ሸፍኖ መስኮቱን ሁሉ ከፋፈተ፣ ሽንት ቤቱ ላይ ውሃ ለቀቀ። ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ቢላቸው እምቢ አሉ።

«በቃ ሌላ ቀን እናመጣታለን» አላቸው።

መቼ ብለው አልጠየቁትም።

መኪናው ከሄደ በኋላ፣ ሽታው ሲለቅ ብቻቸውን ገቡ። ቤቱ እንዲህ ጠርቶ አያውቅም። ወንበር ስበው ግድግዳው ሥር ተቀመጡ። እዚያ ጋ፣ ከጉልበት ከፍ ብሎ፣ ካለፈው ክረምት የቀረ የትንሽ እጅ አሻራ ነበር። ስንት ጊዜ ቤቱን ሲያጸዱ እሱን ብቻ እየዘለሉ አቆይተውት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን ምራታቸው እንዳታይባቸው ብለው ፈትገው አጠፉት።