ሜሪዮኔዝ በተሻረችበት ሰሞን

አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ስም ከሥጋ ይልቅ ዘላቂ፥ ከዐለትም ይልቅ ጽኑ መስሎ ለሰው ልጅ ይታየዋል፤ ነገር ግን ስምም እንደ ባለቤቱ ዕድሜ ተወስኖለት፥ ሰዓቱ ሲደርስ ያለ ዋይታና ያለ ሙሾ ያልፋል። በምዕራበ ብሪታንያ፥ በዌልስ ምድር፥ ተራሮቿ ጉም የተጐናጸፉ፥ ሸለቆዎቿ ዝናም የማይለያቸው ሜሪዮኔዝ የምትባል አውራጃ ነበረች፤ ስሟንም ሜሪዮን ከተባለ ጥንታዊ መስፍን እንደ ወረሰች አበው ይተርካሉ። የእንግሊዝ ንጉሥ ምድሪቱን በሰይፍ ድል ነሥቶ በሕግ ካዋቀራት ወዲህ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፥ በአዲስ ሕግ ተሽራ ግዊኔዝ ከተባለች ሰፊ አውራጃ ጋር ተቀላቀለች።

በዚያው ሰሞን ኤምሪስ የተባለ ድንጋይ ፈላጭ፥ ትጉህና ዝምተኛ ሰው፥ በድንጋይ ካባ ውስጥ ናዳ ተጭኖት ሞተ። ነስታ የተባለችው ሚስቱ አላለቀሰችም፤ ለቀስተኛውን ሁሉ በአክብሮት ተቀብላ በአክብሮት ሸኘች፤ ልቧ ግን ውርጭ እንደ ያዘው ኩሬ ረግቶ፥ ኀዘኑ እንኳ ሊገባበት አልቻለም። ከዚያም የመቃብሩን ሐውልት ልታሠራ ከሟቹ ታላቅ ወንድም ከግዊሊም ጋር ወደ ጠራቢው ወደ ኦወይን ሄደች።

ጠራቢው በትሕትና፥ «እሜቴ፥ ከስሙ በታች የአውራጃው ስም ይቀረፃል፤ ያረፈው ግን ሕጉ ከጸና በኋላ ነውና፥ ግዊኔዝ ልበል ወይስ ሜሪዮኔዝ?» ሲል ጠየቃት።

ግዊሊም በቍጣ ጠረጴዛውን መታ። «ወንድሜ የሜሪዮኔዝ ልጅ ነው! ሰባት መቶ ዓመት የኖረ ስም በአንድ ጀንበር አይፋቅም። ነስታ፥ ንገሪው እንጂ!»

እርሷም ያልተጠረበውን ድንጋይ እየተመለከተች፥ ድምፅዋን ሳታነሣ፥ «አውራጃዋስ ሰባት መቶ ዓመት ኖራለች፤ ኤምሪስ አርባ እንኳ አልሞላውም። የእርሱን ስም ብቻ ጻፍልኝ» አለች።

ሐውልቱ በቆመ ዕለት ያ ኀይለኛና ቍጡ ግዊሊም መዳፉን በድንጋዩ ላይ አሳርፎ፥ «እንግዲህ እኔ የየት አገር ሰው ነኝ?» እያለ፥ ለወንድሙ ይሁን ለአውራጃዋ ለራሱም ሳይገባው፥ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ነስታ መሐረቧን ሰጠችው፤ ክንዱንም ይዛ እስከ ደጁ አደረሰችው። ወደ ቤቷ ገብታ ከምድጃው አጠገብ፥ ከባሏ ወንበር ትይዩ ተቀመጠች፤ ዕንባዋን ጠበቀች፥ አልመጣም። መንግሥታት ለምድር ስም ያወጣሉ፥ ስሟንም ይሽራሉ፤ አንድ ሰው ተነሥቶበት ባዶ ለቀረ ወንበር ግን እስከ ዛሬ ስም ያወጣለት ሕግ የለም።