የልጄ ደም የታለ?

እናቴ አሜሪካ የመጣችው እኔን ልታይ አይደለም። ይህንን ያወቅኩት ደግሞ እዚያው ሲያትል፣ ሲታክ ኤርፖርት፣ መኪናዬን ፓርክ ካደረግኩበት ሳንደርስ ነው። ስንት ዓመት ያላየኋት እናቴ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ፣ "ምነው እንዲህ ከሳሽ" አለች፣ ከዚያ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ፣

"ያ የደም ቤት ከዚህ ሩቅ ነው?" አለችኝ።

"የምን የደም ቤት?"

"የወንድምሽን ደም ያመጡበት ነዋ!"

ሻንጣውን ለቀቅኩት። እውነቴን ነው፣ በአውሮፕላኑ ራሷ ዞሮባት መሰለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ዓምደ ሚካኤል በአሰብ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሰውነቱ እያለቀ፣ ተቅማጡ አልቆም እያለ፣ በላብ እየታጠበ እያደረ፣ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ከረመ። አንዱ ሳንባ ነው ይለዋል፣ ሌላው ጨጓራ ነው ይለዋል። በዚህ መሀል አዲሱን በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞች ሹፌሮቹ መኪና ወደሚያቆሙበት ግቢ መጥተው ደም ቀዱ። ዓምደ ሚካኤልም ተሰልፎ ሰጠ። "ደማችሁ በበረዶ ታሽጎ ሲያትል ሄዶ ይመረመራል" ተባሉ። እናቴ ሲያትል የሚለውን ስትሰማ ነገሩ አበቃ። ልጄ ያለችበት አገር አይደል? ሄጄ ውጤቱን ይዤ እመጣለሁ አለች። ለመውጫ ቪዛ ያልጠናችው ደጅ የለም። ለቀበሌው "ልጄ ናፍቃኝ ነው" ብላዋለች። እኔ እንግዲህ ሰበብ ነበርኩ!

"አታኩርፊ" አለችኝ፣ ዴ ሞይን ሰፈር ወዳለው አፓርታማዬ ስነዳ። "አንቺ ደህና ነሽ። እሱ ግን እያየሁት እያለቀብኝ ነው። ያገባት ልጅ፣ ገንዘብ፣ ደግሞ ገና ሙሽራ ናት፣ ልጅ ልጅ ትላለች። ምኑን እንደታመመ ሳላውቅ ምን ብዬ ልምከራት? ውለጂ ልበላት ወይስ ሽሺ?"

ዘመኑ በፈረንጅ 1987 ነው። ቴሌቪዥን በተከፈተ ቁጥር የሚወራው ኤድስ ነው። እኔ በምሠራበት የኤርፖርት ፓርኪንግ አንድ ልጅ ይዞታል ተብሎ፣ እሱ የነካውን ስልክ የሚያነሳ ጠፍቶ ነበር። ሶ፣ እናቴ የወንድሜን ሕመም ስትዘረዝርልኝ ወዲያው ይኸው ነው አልኩ በልቤ። ግን ምን ልበላት? መንገድ መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

ቡሪየን ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን ሳህሌ የሚባል ሰው ነበረ። ዶክትሬቱን እየተማረ፣ በዚያው ከአፍሪካ በሚመጣ ደም ላይ በሚካሄደው ጥናት ይሠራል። እሑድ ከጸሎት በኋላ መኪናው ጋ ጠበቅኩት፤ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከጎኔ ቆማለች።

"ሳህሌ፣ የወንድሜ ደም እናንተ ጋ ነው" አልኩት።

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። እናቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፣ ነገሩን ሁሉ አዳመጠ፣ ከዚያ ግንባሩን አሻሸ።

"እማማ፣ ደሙ መጥቶ ይሆናል። ግን ስም የለበትም። እዚያው አዲስ አበባ ስሙ ይቀርና ቁጥር ብቻ ይለጠፍበታል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ እኛም አናውቅም፣ የላኩትም አያውቁም።"

"ስሙን ምን አደረጉት?"

"አልተጻፈም። ሰው እንዳይጎዳ ነው፣ እማማ። ምስጢር እንዲጠበቅ።"

"ከእናቱ?"

"ከሁሉም።"

"ከራሱም? ከባለቤቱ?"

ሳህሌ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። "ቆይ ቆይ ቆይ! ሰውየው ክንዱን ዘርግቶ ሰጣችሁ፣ ውቅያኖስ አሻግራችሁ አመጣችሁት፣ መረመራችሁት፣ ከዚያ አለብህ የለብህም የሚለው ሰው የለም? ኧረ ጉድ! ታዲያ ለምን ቀዳችሁት?"

"በሽታው ምን ያህል እንደተስፋፋ ለማወቅ ነዋ፣ ጥሩነሽ። ካልታወቀ መከላከል አይቻልም።"

"ማለት" አለች እናቴ ቀስ ብላ፣ "ስንት ሰው እንደሚሞት ታውቃላችሁ፣ ማን እንደሚሞት ግን አታውቁም።"

ሳህሌ ክፉ ሰው አይደለም። አንገቱን ደፍቶ የመኪናውን ቁልፍ ሲያሽከረክር አየሁት፤ አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

እናቴ እዚያው ላይ የሹራቧን እጅጌ መሰብሰብ ጀመረች። "እንግዲያው የእኔን ቅዱ። ከእኔ አይደል የወጣው? ደሜ ደሙ ነው።"

"እማማ፣ እንደሱ አይሠራም። የእናት ደም የልጅን በሽታ አይናገርም።"

"አንተ ምን ታውቃለህ? ወልደሃል?"

አልወለደም። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተወለደም። በመጨረሻ ሳህሌ ራሱ ስም ሳይጠይቅ በነጻ የሚመረምር አንድ ክሊኒክ ነገረን። እኔም ኦኬ አልኩ። ቢመረምሯት ምን ይመጣል? አባቴ ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ ከጸሎት ቤትና ከገበያ በቀር የትም የማትሄድ ሴት። ንጹህ ነሽ ትባላለች፣ ሆዷ ይረጋል፣ ስለ ዓምደ ሚካኤል ሌላ መላ እንፈልጋለን ብዬ ነበር።

ውጤቱ እስኪደርስ እናቴ ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ሳሎኔ ውስጥ ትንበረከካለች። አንድ ጸሎት ብቻ። "ጌታ ሆይ፣ በልጄ ላይ ያለውን ወደ እኔ አዙረው። እኔ በቅቶኛል፣ ኖሬያለሁ። ወደ እኔ አዙረው።"

"እማዬ" አልኳት አንድ ቀን ከአልጋዬ፣ "ጌታ ፖስታ ቤት መሰለሽ እንዴ፣ አድራሻ የሚቀይርልሽ?"

"አፍሽን ያዢ፣ ባለጌ!" አለችኝና ጸሎቷን ቀጠለች።

ለውጤቱ ወደ ክሊኒኩ ስንመለስ የተቀበለችን ዶክተር ኤለን የምትባል ረጅም ሴት ናት። ገብተን ሳንቀመጥ በሩን ዘጋችው። ደህና ወሬ በር ተዘግቶ አይነገርም። ወንበሯን ወደ እኛ አስጠጋች፣ እናቴን አየች፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በእንግሊዝኛ ተናገረች። የእናትሽ ደም ውስጥ ቫይረሱ አለ። እንዳንሳሳት ደግመን አይተነዋል፣ በሌላ ዘዴም አረጋግጠናል።

"ተሳስታችኋል!" ብዬ ጮህኩ። "ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅላችሁታል! እናቴ ናት እኮ! ባል የላት፣ መርፌ የላት፣ ከየት አባቷ ታመጣዋለች?"

ዶክተሯ አልተቆጣችም። እንድጨርስ ጠበቀችኝ። ይሄ ነው የበለጠ ያስደነገጠኝ፤ ቢያጠራጥራት ኖሮ ትከራከረኝ ነበር።

እናቴ ጉልበቴን ያዘችኝ። "ምን አለች? ንገሪኝ።"

"እማዬ..."

"ንገሪኝ አልኩሽ!"

"በሽታው አንቺ ላይ አለ፣ እማዬ።"

መጀመሪያ አልገባትም መሰለኝ፤ አፏን ከፍታ አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ "ሃሌሉያ!" ብላ እልልታዋን አቀለጠችው። "ሰማኝ! ጌታ ሰማኝ! ወደ እኔ አዞረው! ልጄ ዳነ!"

ዶክተር ኤለን ፊቷ ነጭ ሆነ። አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ አየችንና መልሳ ዘጋችው። በሕይወቴ በብዙ ነገር ደንግጫለሁ፤ እናት ሞቷ ተነግሯት እልል ስትል ግን ያን ቀን ነው ያየሁት።

"ተነሺ ደውዪ!" ትላለች ትከሻዬን እየነቀነቀች። "ዳንክ በይው። ለገንዘብም ንገሪያት፣ አሁን ትውለድ! እኔ አያት ልሁን!"

"በደንብ ተረድታኛለች?" ብላ ዶክተሯ ጠየቀችኝ።

ጸሎቷን ነገርኳት። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፍና ከፈተች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ "እናትሽ ደም ተሰጥቷት ያውቃል?" አለችኝ።

ጥያቄውን ለእናቴ ተረጎምኩላት። እሷ እንደሆነ ደስታዋ ገና አልበረደም።

"እንዴታ! ያኔ ለማህፀኔ ኦፕራሲዮን ስሆን። ላንቺ 'ደህና ወጣሁ' ብዬ ነው ያስጻፍኩት፣ ትሸበሪያለሽ ብዬ። ሞቼ ነበር እኮ! ደም አልቆም አለ፣ የሚሰጥ ሰው ጠፋ። ማን ደረሰልኝ? ዓምደ ሚካኤል! ከአሰብ ገና መግባቱ ነበር፣ አቧራውን ሳያራግፍ ሮጦ መጣ። ደማችሁ አንድ ዓይነት ነው ብለው ከክንዱ ቀድተው፣ ሳይቀዘቅዝ ለእኔ። አንዱ ጠርሙስ ሲያልቅ 'ጨምሩ፣ አሁንም ቅዱኝ' እያለ ሐኪሞቹን ይቆጣል። ይኸው በእሱ ደም ቆሜ አለሁ። ንገሪያት፣ ምን ዓይነት ልጅ እንዳለኝ ትወቅልኝ!"

እኔ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ወይ ጉዴ! ሳህሌ የእናት ደም የልጅን በሽታ አይናገርም ብሏት ነበር። ተናገረ። የወንድሜን ደም ፍለጋ ውቅያኖስ አቋርጣ የመጣችው ሴት፣ ደሙን በገዛ ክንዷ ይዛው ነው የመጣችው።

ለዶክተር ኤለን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ እንባዋ መጣ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወንድምሽም አለበት ማለት ነው፣ ሚስቱ ሳትውል ሳታድር ማወቅ አለባት፣ አለችኝ።

"ይቺ ሴት ለምን ታለቅሳለች?" አለች እናቴ። "ምን አለች?"

ልዋሻት ፈለግኩ። እግዚአብሔር ያየኛል፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ደስ ብሏት አገሯ ብትገባ ምን አለበት? ግን ሚስቱ አለች። ያቺ ልጅ፣ አማቷ ውለጂ ብላኛለች ብላ ልትወልድ ነው።

"እማዬ፣ ተቀመጪ።"

"ቆሜ እሰማለሁ።"

"አልዞረም፣ እማዬ። ከዓምደ ሚካኤል አልወጣም። እሱ ላይ እንዳለ ነው ወደ አንቺ የመጣው። ያን ጊዜ በሰጠሽ ደም ነው።"

ተቀመጠች። ወንበሩን ሳታይ ነው የተቀመጠችው፤ ደግፌ ባልይዛት ወለሉ ላይ ነበረች። አላለቀሰችም። የግራ ክንዷን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ መርፌው የገባበትን ቦታ እያሻሸች ብዙ ቆየች። እኔ አለቀስኩላት፣ ዶክተሯም አለቀሰችላት። እሷ ወለሉን ነው የምታየው።

"ያውቃል?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ማን?"

"ልጄ። በእሱ ደም እንደሆነ ያውቃል?"

"ከየት ያውቃል?"

"እንዳያውቅ።" ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ዓይኗን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "የእሱን ንገሪው። ለገንዘብም ንገሪያት፣ ነፍሷን ታድን። የእኔን ግን፣ ጥሩነሽ፣ በጡቴ ይዤሻለሁ። እናቴን በእጄ ገደልኳት ብሎ ነው የሚሞተው፤ በሽታው ሳይገድለው።"

"ታዲያ በምን አወቃችሁ ሲለኝስ? ምን ልበለው?"

"ደምህን አገኙት በይው። ስምህን ጽፈው አስቀምጠውት ነበር በይው።"

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩ። ኦፕሬተሯ ጎረቤት ቤት አገናኘችኝ፣ ዓምደ ሚካኤልን ጠሩልኝ፤ እያለከለከ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት። የበሽታውን ስም፣ ገንዘብ ነገውኑ መመርመር እንዳለባት፣ ከእናቴ ነገር በቀር ሁሉንም።

"በስሜ ፈልገው ነው ያገኙኝ?" አለኝ።

"አዎ። በስምህ።"

"እግዜር ይስጣቸው" አለ ወንድሜ። "እኔማ ያን ሁሉ ደም አንድ ላይ ደፍተውት ረስተውናል ብዬ ነበር። አመስግኚልኝ። እማዬስ? እማዬ እንዴት ሆነች?"

እናቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ፣ በዚያ በገበያ ድምጿ፣ "አለሁ ልጄ! እኔማ ምን እሆናለሁ፣ ደምህ ነው ያቆመኝ!" አለችው።