የፍለጋ ሣጥኑን ሰላም የሚሉት ጋሽ ዘውገ

1

ጤና ይስጥልኝ። ሊፍት ያለው ቤት እንፈልጋለን። መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ቢሆን ደስ ይለናል። አመሰግናለሁ። ዘውገ።

ለፍለጋዎ የተገኘ ውጤት የለም። ሌላ ቃል ይሞክሩ።

2

ከላይ ያነበቡት ደብዳቤ አይደለም። አንድ የሪል እስቴት ድርጅት ዌብሳይት ላይ፣ ከላይ በቀኝ በኩል፣ የአጉሊ መነጽር ምልክት ያለበት ጠባብ ሣጥን አለ። ቤት ፈላጊው የሚፈልገውን ጽፎ ይጫነዋል። የተጻፈው ሁሉ በየጠዋቱ በሪፖርት ይደርሰኛል። ሰው እዚያ ላይ "ሁለት መኝታ" ብሎ ይጽፋል። "ሰሚት" ብሎ ይጽፋል። ሰላምታ አስቀድሞ፣ አመስግኖ፣ ስሙን አስፍሮ የሚጽፍ ሰው ግን እዚህ ሥራ ከገባሁ ጀምሮ ያጋጠመኝ አንድ ብቻ ነው።

ከሥር ያለችው መስመር የማሽኑ መልስ ናት። ማሽን ሰላምታ አይመልስም።

የድርጅቱን ስም አልጽፈውም። ከጻፍኩት ይህ ታሪክ ፍለጋ ላይ ይወጣና አለቃዬ ያነበዋል።

3 — ስለ ጸሐፊዋ

ስሜ ትርሲት ነው። ሥራዬ ኤስኢኦ ይባላል። ሰው ጎግል ላይ "የሚሸጥ አፓርታማ" ብሎ ሲጽፍ የእኛ ገጽ ከሌሎቹ በላይ እንዲወጣ አደርጋለሁ። ሰው በምን ቃል (በእኛ ቋንቋ በምን ኪወርድ) እንደሚፈልግ አጠናለሁ፤ ከዚያ ቃሉን ርዕሱ ላይ፣ መግለጫው ላይ፣ ፎቶው ሥር አስገባለሁ። ርዕስ ከስልሳ ፊደል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከበለጠ ጎግል ይቆርጠዋል።

እናቴ ለጎረቤት ስታስረዳ "ኮምፒውተር ላይ ትደልላለች" ትላለች። ኮሚሽን እንደሌለኝ ስነግራት ደግሞ "ታዲያ ምኑን ደለልሽው?" አለችኝ።

ናሁሰናይ የማርኬቲንግ ኃላፊያችን፣ ማለትም አለቃዬ ነው። "ቅንጡ" የሚለውን ቃል ይወዳል። ቅንጡ ሳሎን፣ ቅንጡ ደረጃ፣ አንዴም ቅንጡ የውሃ ታንከር አስጽፎኛል። "ከቦሌ አየር ማረፊያ በአሥር ደቂቃ" የሚለውም የእሱ ነው። በአሥር ደቂቃ የሚደርስ አውሮፕላኑ ብቻ ነው።

4

ጤና ይስጥልኝ። ትናንትም ጠይቄ ነበር። ምናልባት ሥራ በዝቶባችሁ ይሆናል። ባለቤቴ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። የጎረቤት ልጆች በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ነው የሚያወርዷት። እግዜር ይስጣቸው፣ ግን እሷ ታፍራለች። ዘውገ።

ለፍለጋዎ የተገኘ ውጤት የለም። ሌላ ቃል ይሞክሩ።

5

"ሌላ ቃል ይሞክሩ" የምትለውን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። ያን ቀን ጠላኋት።

ሰውየው ስልክ ቁጥር አልተዉም። ኢሜይልም አልተዉም። ሣጥኑ ደግሞ መልስ የሚሰጠው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፦ የተጻፈው ቃል ሁሉ ያለበት ገጽ ካገኘ ያንን ገጽ ያወጣል። ስለዚህ ገጽ ሠራሁ፤ ጥያቄያቸውን ሲደግሙት እንዲወጣላቸው የጻፏቸውን ቃላት በሙሉ ከሥሩ አስገባሁ።

6 — ገጹ

ርዕስ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ዘውገ፤ አዎ፣ ሊፍት አለ

መግለጫ፦ ሰሚት ያለው ሕንፃችን ሁለት ሊፍት አለው። ጄኔሬተርም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱ ትንሽ ይቆምና ይነሣል። ተሽከርካሪ ወንበር ያስገባል። ሄጄ ለክቼዋለሁ። ትርሲት።

7

ጤና ይስጥልኝ ትርሲት። እግዜር ይስጥሽ። እዚያ ውስጥ ሰው እንዳለ አውቄ ነበር። ዘውገ።

ደስታዬን የምነግረው ሰው አጣሁ። ናሁሰናይ ገጹን አይቶ መጣና "ጋሽ ዘውገ ደግሞ ማነው? ማን ነው 'ጋሽ ዘውገ' ብሎ የሚሰርች?" አለኝ።

"ጋሽ ዘውገ" አልኩት።

ሳቀ። ገጹን ተወልኝ።

8

ድንኳን

9

ቃሉን ብቻውን ያስቀመጥኩት ብቻውን ስለመጣ ነው። ሰላምታ የለው፣ ስም የለው። የመጣው ግን ከጋሽ ዘውገ ስልክ ነው፤ ሪፖርቱ ከአንድ ስልክ የሚመጣውን ፍለጋ አንድ ላይ ይደረድርልኛል። በማግሥቱ እንደገና መጣ። በሳልስቱም።

ለፍለጋዎ የተገኘ ውጤት የለም። ሌላ ቃል ይሞክሩ።

ሌላ ቃል አልተሞከረም።

ነገሩ ገባኝ። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው አለ፤ ቤት ሊቀየር ነው። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ እዚያ ይቀመጣል። ኮንዶሚኒየም ቢያንስ ግቢ አለው። እኛ የምንሸጠው ሕንፃ ያለው አንድ ፓርኪንግ ነው፤ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ግድግዳው ላይ "ያለ ፈቃድ ምንም ነገር ማድረግ ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ። ጋሽ ዘውገ ለሰው መናገር ያቃታቸውን ለሣጥኑ ጻፉት አልኩ። ይህን ቃል ሲጽፉ ሰላምታው ከብዷቸው ይሆናል ብዬም አዘንኩላቸው።

ተሳስቼ ነበር።

10 — ናሁሰናይ ያልፈቀደው ክፍል

እኔ፦ ገጹ ላይ አንድ ጥያቄና መልስ ልጨምር።

ናሁሰናይ፦ ጨምሪ። ምን የሚል?

እኔ፦ ድንኳን መትከል ይቻላል ወይ የሚል።

ናሁሰናይ፦ የሰርግ?

እኔ፦ የለቅሶ።

ናሁሰናይ፦ ትርሲት፣ ደህና ነሽ? ሰው ቤት ሊገዛ ሲመጣ ለቅሶ ልታወሪው ነው?

እኔ፦ የሚጠይቁ አሉ።

ናሁሰናይ፦ ስንት ናቸው?

እኔ፦ አንድ።

ናሁሰናይ፦ አንድ ሰው ኪወርድ አይሆንም። ለመሆኑ ይቻላል እንዴ?

እኔ፦ አላውቅም።

ናሁሰናይ፦ በቃ። የማናውቀውን አንጽፍም።

አሥር ደቂቃዋን ላስታውሰው አፌ ላይ መጥታ ነበር። ዋጥኳት።

11 — ቅዳሜ ጠዋት

ጋሽ ዘውገ "ቅዳሜ መጥተን ብናየውስ?" ብለው ጻፉ። ለሽያጭ ልጆች አሳልፌ ልሰጣቸው አልቻልኩም፤ ራሴ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ሰላም አሉኝ። ልክ እንደሚጽፉት ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ፀዳለ አረንጓዴ ሹራብ ለብሰዋል፤ በጣም ቀጥነዋል፣ ዓይናቸው ግን ሁሉን ያያል። ፓርኪንጉ ጥግ ወንበር አመጣሁላቸው። ጋሽ ዘውገ "ቆይ፣ ልፈትሸው" ብለው ብቻቸውን ሊፍት ውስጥ ገቡ።

እትዬ ፀዳለ፦ ልጄ፣ እዚያ ሣጥን ላይ የሚጻፈውን የሚያነበው ማሽን ነው ሰው?

እኔ፦ እኔ ነኝ የማነበው።

እትዬ ፀዳለ፦ እንግዲያው የኔንም አይተሽዋል።

እኔ፦ የእርስዎን?

እትዬ ፀዳለ፦ ድንኳኑን።

(ሊፍቱ ወጣ።)

እኔ፦ እኔ እኮ እሳቸው መስለውኝ ነበር።

እትዬ ፀዳለ፦ እሱ? ቃሉን ካነሣሁበት "ሟርት አታውሪ" ብሎ ቀኑን ሙሉ ያኮርፈኛል። ሻይ ሊያፈላልኝ ሲሄድ ነው ስልኩን አንሥቼ የምጽፈው። ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም፤ ውሃው ይፈላል።

(ሊፍቱ ወረደ። በሩ ሳይከፈት ተመልሶ ወጣ።)

እትዬ ፀዳለ፦ እሱ ቤት የሚፈልገው እንድኖርበት ነው። ይፈልግ፣ ደስ ይበለው። እኔ የማስበው ግን ከኔ በኋላ ነው። ሰው ሊያስተዛዝነው መጥቶ፣ መቀመጫ አጥቶ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲመለስ ይታየኛል። ዘውገ ደግሞ ሰው አስቸግሮ አያውቅም። ቦታ ስጡኝ ብሎ ዘበኛ ፊት አይቆምም፤ ዝም ብሎ ብቻውን ያለቅሳል።

እኔ፦ እጠይቅልዎታለሁ።

እትዬ ፀዳለ፦ ጠይቂልኝ። ለሱ ግን እንዳትነግሪው።

እኔ፦ አልነግራቸውም።

ጋሽ ዘውገ፦ (በሩ ሲከፈት) ፀዳለ! መስታወት አለው እኮ!

ፓርኪንጉን ፎቶ የማነሣ መስዬ ዞር አልኩ። እያለቀስኩ ነበር። ፎቶው ትንሽ ጠመመ፤ በኋላ ግን ጠቀመኝ።

12 — ልዩ ልዩ

የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወ/ሮ ዘነበወርቅ ይባላሉ። ከባንክ ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። የመጣሁበትን ስነግራቸው ተነሥተው በሩን ዘጉት።

"ማን ጠየቀሽ?"

"መናገር አልችልም። ቃል ገብቻለሁ።"

"ሕንፃው ከተመረቀ ሁለት ዓመቱ ነው" አሉኝ። "እስካሁን ማንም አልሞተብንም፣ ተመስገን። ስለዚህ አልተነጋገርንበትም።"

"ፈቃድ የሚሰጠው ማነው?"

"እኛ ነና። ግን ማን ቀድሞ ይጠይቅ? የጠየቀ ሰው እቤቱ የሚሞት አለ ሊባል ነው።" ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። "እናቴ እላይ አለችልኝ። ዘጠና አልፏታል። እኔም አልጠየቅኩም።"

እሑድ ስብሰባ ነበራቸው። አጀንዳው የውሃ ፓምፕ ነው። ድንኳኑን መጨረሻ ላይ፣ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር አስገቡት። ወ/ሮ ዘነበወርቅ እንደነገሩኝ አንድ ሰው "መኪኖቹስ?" ሲል ጠየቀ፤ "ሦስት ቀን ውጭ ያድራሉ" ተባለ። እጅ ይውጣ ሲባል ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ እጁን አወጣ። በፓምፑ ሲጨቃጨቁ የዋሉ ሰዎች በዚህኛው አልተጨቃጨቁም።

13 — ምስል

ዌብሳይት ላይ ያለ ፎቶ ሁሉ ሥሩ የተደበቀ ጽሑፍ አለው። ኔትወርክ ደክሞ ፎቶው አልከፈት ሲል እሱ ይነበባል፤ ዓይነ ስውር ሰው ገጹን በድምፅ ሲያስነብብም የሚሰማው እሱን ነው። ናሁሰናይ ፎቶ ያያል እንጂ ከፎቶ ሥር ያለውን አያነብም። የፍለጋ ሣጥኑ ግን ያነባል።

ጠማማዋን ፎቶ አስገባሁ። አሁን የማውቀውን ጻፍኩ፦

*የሕንፃው ፓርኪንግ። በነዋሪዎች ስምምነት፣ በሐዘን ጊዜ መኪኖች ይወጡና ድንኳን ይተከልበታል።*

"ቅንጡ" አላልኩም።

14

ድንኳን

1 ውጤት ተገኝቷል።

(ቀጥሎ ከዚያው ስልክ የተጻፈው፦)

እሺ

15

ጤና ይስጥልኝ ትርሲት። ቤቱን ገዝተን ገባን። ፀዳለ ዛሬ የሊፍቱን ቁልፍ ራሷ ተጫነችው። ለእጥበት ስንሄድም ማንም አልተሸከማትም። ስንወርድ ሹራቧን በመስታወቱ አይታ አስተካከለች። ይህን ላሳውቅሽ ብዬ ነው። ዘውገ።

ለፍለጋዎ የተገኘ ውጤት የለም። ሌላ ቃል ይሞክሩ።

(ይህችን መስመር ለመቀየር ጠይቄ ነበር። ናሁሰናይ "ምን ችግር አላት?" አለኝ።)

16

 

 

 

17

ከላይ ያለው ቁጥር ባዶ የሆነው ሣጥኑ ባዶ ስለነበረ ነው። ጋሽ ዘውገ መጻፍ አቆሙ። በየጠዋቱ ሪፖርቱን ስከፍት ስማቸውን እፈልጋለሁ። "ሁለት መኝታ" የሚል ሞልቷል። ጤና ይስጥልኝ የሚል የለም።

ከዚያ ወ/ሮ ዘነበወርቅ ደወሉልኝ።

"መኪኖቹን አስወጥተናል" አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ለቅሶ ደረስኩ። ፓርኪንጉ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። የኮንዶሚኒየሙ እድርተኞች መጥተዋል። እትዬ ፀዳለን በወንበር ያወርዱ የነበሩት ልጆች መጥተዋል። የሕንፃው ሰዎችም አሉ። ሁሉም ተቀምጧል፤ ቆሞ የተመለሰ የለም። ይህን ያየሁት እትዬ ፀዳለን ሆኜ ነው። ደስ አለኝ፤ በለቅሶ ቤት ደስ ማለት ካለ።

ጋሽ ዘውገ መሃል ላይ ተቀምጠው የድንኳኑን ጣሪያ ያያሉ። እጃቸውን ያዝኩ።

"ትርሲት" አሉኝ፣ "ሊፍቱን ወዳው ነበር።"

18

ጤና ይስጥልኝ ትርሲት። ለቅሶ ስለደረስሽ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ፀዳለ ያረፈች ዕለት ማንንም ሳልጠይቅ፣ ስወርድ መኪኖቹ ወጥተው፣ ቦታው ተጠርጎ ጠበቀኝ። ወ/ሮ ዘነበወርቅ ገና ሳትገቡ በአንቺ በኩል ተጠይቆ ነበር አሉኝ፣ ማን እንዳስጠየቀ ግን አያውቁም። እኔ አልጠየቅኩም። አፌ እሺ አይለኝም ነበር። ማን ጠየቀልን? ዘውገ።

ለፍለጋዎ የተገኘ ውጤት የለም። ሌላ ቃል ይሞክሩ።

19

"እንዳትነግሪው" ተብያለሁ። "አልነግራቸውም" ብያለሁ። ቃሌን የሰጠኋቸው ሰው አሁን መጥተው ሊፈቱልኝ አይችሉም።

ዝም ብል ደግሞ ጋሽ ዘውገ ነገም ሰላምታ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ማሽኑም ሌላ ቃል ይሞክሩ ይላቸዋል። እሳቸው ሥራ በዝቶብኝ ነው ብለው ያስቡልኛል።

አዲስ ገጽ ከፍቻለሁ። ሰላምታዋን ጽፌ እጄ ቆመ። እርስዎ እስከዚህ አብረውኝ መጥተዋል፤ እትዬ ፀዳለ ያሉትንም ሰምተዋል። የቀረውን እርስዎ ይሙሉልኝ።

20 — ገጹ

ርዕስ (ከስልሳ ፊደል ያልበለጠ)፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ዘውገ፤

 

መግለጫ፦