ሰባት ሰው በአንድ ወረቀት

ፕሬበን የጠላውን ሰው መደበቅ አይችልበትም፤ ቲልዴን ደግሞ ገና መኪናዋን ስታቆም ነው የጠላት። ሰኞ ማለዳ፣ ሰማዩ ሳይገለጥ፣ ጭረት ያልነካው ነጭ ሄልሜቷን ደፍታ፣ ላፕቶፗን በብብቷ ይዛ የሠራተኞቹን ኮንቴነር ሳታንኳኳ ከፈተችው። በዴንማርኳ የሆርሰንስ ከተማ የጥር ውርጭ በር ከፍቶ የሚቆም ሰው እንኳን ጠላት ወዳጅም ቢሆን ይሰደባል።

«በሩን! ሙቀቱ ላንቺ የተገዛ አይደለም!» አለ ፕሬበን።

«እንደምን አደራችሁ። ቲልዴ እባላለሁ። ሄኒንግ ነው የላከኝ፤ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ፕሮግራም ለሥራችሁ እንዲስማማ ላስተካክለው።»

«ለሥራችን ነው ወይስ ለሄኒንግ?»

«የሚከፍለኝ ሄኒንግ ነው» አለች በሩን እየዘጋች። «አብረውት የሚውሉት ግን እርስዎ ነዎት።»

ኮንቴነሩ ውስጥ ያሉት ሰባት ግንበኞች ናቸው፤ ፕሬበን ካቧቸው ነው። ሥራቸው በቁርጥ ነው። ግድግዳው ይቆማል፣ ይለካል፣ ይከፈላል፣ በቃ። ማን ጡብ ሲደረድር ዋለ፣ ማን ቁጭ ብሎ ቡናውን ጠጣ የሚለው የቡድኑ የጓዳ ጉዳይ ነው። ዓርብ ዓርብ ፕሬበን አንድ ወረቀት በእርሳስ ይጽፋል፤ ሰባት ስም፣ ከሰባቱም ጎን እኩል ሰዓት። ከእነሱ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ሲጽፉ ነው የኖሩት። አሁን ግን ባለ ድርጅቱ ሄኒንግ፣ ምን እንደ ነካው እንጃ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው መወጣጫው ስካፎልዲንግ ላይ ሲወጣ በስልኩ «ወጣሁ»፣ ሲወርድ «ወረድኩ» እያለ እንዲመዘገብ ወሰነ። ሰዓቱ ከባልደረቦቹ እኩሌታ ያነሰ ሰው ይሰናበታል። ይህንንም በደብዳቤ ነው የነገራቸው፤ ፊት ለፊት መጥቶ ለመናገር ወኔው የለውም።

ደብዳቤው የተነበበ ቀን ስድስቱ ወዴት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ነበር። ወደ ኤይናር ላለማየት አንዱ ጣሪያ፣ አንዱ ጫማውን አየ።

ኤይናር ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ፕሬበንን ገና ጢም ሳያወጣ ጡብ ያስያዘው፣ ቱምቢ እንዴት እንደሚጣል ያሳየው እሱ ነው። ቀኝ ትከሻው ካለቀ ሁለት ክረምት ሆነው። ያኔ ፕሬበን ዘዴ ፈጠረ፤ «ጋሼ፣ በዚህ ብርድ ስሚንቶውን ካንተ በቀር ለማንም አላምንም። ታች ሆነህ ማቦካቱን አንተ ያዝልን» አለው። ኤይናርም አመነው። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፣ ውሃ ያሞቃል፣ አሸዋውን በመዳፉ ያሻል፣ ቀጠነ ወፈረ እያለ ሰውን ሁሉ ይቆጣል። እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ስድስቱ የእሱን ድርሻ ጡብ እየደረደሩ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላሉም። ለጡረታው ሦስት ዓመት ቀርቶታል። እስከዚያ ቡድኑ ውስጥ ማቆየት፣ ያውም ሳያውቅ ማቆየት፣ የፕሬበን ሐሳብ ይኸው ብቻ ነበር። እና ይቺ ነጭ ሄልሜት መጣችበት።

ቲልዴ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የጥቁር ዳቦ ፍርፋሪ በክንዷ ገፋ አድርጋ ላፕቶፗን ከፈተች። «በቀን የምትሠሩትን ሁሉ ንገሩኝ። ለየሥራው አንድ አንድ ቁልፍ አበጃለሁ።»

«ጡብ መደርደር» አለ ኬል፣ የቡድኑ ነገረኛ።

«እሺ።»

«ሰማይ ማየት።»

ጻፈች።

«አፍንጫ መናፈጥ። ደግሞ ሄኒንግን ማማት፤ እሱ እንኳ ብዙ ሰዓት ይወስዳል።»

ኮንቴነሩ በሳቅ ተናጋ። ቲልዴ ቀና ሳትል «ሌላስ?» ብቻ አለች።

ማክሰኞ ጥዋት ስልካቸውን ሲከፍቱ «አፍንጫ መናፈጥ» የሚል ቁልፍ ተገትሮ ጠበቃቸው። ኬል በጓንቱ ሲዳብስ የነካው እሱኑ ኖሮ ግማሽ ቀን ሲናፈጥ እንደ ዋለ ተመዘገበለት። ፕሬበን እየበረረ መኪናዋ ድረስ ሄደ።

«ትቀልጂብናለሽ እንዴ?»

«ያላችሁትን ነው የጻፍኩት» አለች መስታወቱን በግማሽ አውርዳ። «እንደ ሰው ብታናግሩኝ እኔም እንደ ሰው እሠራላችሁ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ዓይንና ናጫ ሆኑ። ማታውን የመኪናዋ በር እጀታ ላይ ስሚንቶ ተለጥፎ ደርቆ አገኘችው። በማግሥቱ ስልኮቹ፣ ቁልፍ መንካት የረሳ ሰው ባለ ቁጥር፣ እንደ አምቡላንስ የሚጮኹ ሆኑ። ቡና ሲቀዳ የእሷ ተራ ላይ ፔርሙዙ ባዶ ይሆናል። እሷም የእነሱን ስድብ ሰምታ እንዳልሰማች፣ ከንፈሯን ነክሳ ትጽፋለች። ከሁሉም ያላኮረፋት ኤይናር ብቻ ነበር፤ እሱ እንኳ ያናገራት «አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ አጠገብ አትቁሚ፣ ይረጭሻል» ለማለት ያህል ነው።

ሐሙስ፣ ሰዎቹ ምሳ ሲቀመጡ፣ ቲልዴ ፕሬበንን ወደ ቢሮው ኮንቴነር ጠራችው። ከምሳ ቤቱ ጋር በአንድ ስስ ግድግዳ ነው የሚለያዩት።

«ይህ ሰው ማነው?» ብላ ስክሪኑን አዞረችለት። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱ ከአሥር ሰዓት በላይ ግድግዳ ላይ ቆመዋል። ከኤይናር ስም ጎን ሃያ ደቂቃ ይላል።

«ስሚንቶ ያቦካል።»

«ሄኒንግ ዘንድ ማቦካት እንደ ግንበኛ ሰዓት አይቆጠርም። ነገ ቀትር ላይ ዝርዝሩ ይደርሰዋል።»

«አትላኪዋ!»

«ራሱ ነው የሚሄደው። እኔ ብሞትም ይሄዳል።»

«ታዲያ ለምን ጠራሽኝ? ልትስቂብኝ?»

«እርስዎን የማየት አምሮት ኖሮኝ አይደለም። የሚለወጥ ነገር ካለ ዛሬ ይንገሩኝ ብዬ ነው። ነገ ሌላ ቦታ ነኝ።»

ፕሬበን ቆሞ ነበር፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ይህቺን ሴት መለመን ሞት ሆኖበታል፤ ግን ነገ ቀትር ሩቅ አይደለም።

«ሁለት ነገር እፈልጋለሁ» አለ። «አንደኛ፣ ስለ እኛ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ለሄኒንግ በደረሰበት ቅጽበት ለእኛም ይድረሰን። በጀርባችን የሚያሾከሹክ ማሽን አንፈልግም። ለሰባታችንም!»

«ይቻላል።» ጣቶቿ ተንጣጡ። የያዛትን ቡና ጠጥቶ ሳይጨርስ «አለቀ» አለችው።

ፕሬበን እንዲህ ይቀላል ብሎ አልጠበቀም፤ ልቡ ሞላ። «ሁለተኛ፣ ቡድኑ እንደ አንድ ሰው ይቆጠር። እንደ ወረቀቱ። ግድግዳው ቆመ ወይስ አልቆመም፣ እሱን ይይ። ማን ስንት ጡብ አነሳ የሚለው አያገባውም።»

«እሱም ይቻላል። ነገር ግን ሄኒንግ ያለ ምክንያት ምንም እንዳልለውጥ አስፈርሞኛል። እዚች ሳጥን ውስጥ ምክንያት መጻፍ አለበት።»

«ሁሌም እንዲህ ነው የኖርነው በይው።»

«ይኼንኑ የጻፈለት ሌላ ካቦ ነበር። ወዲያው ነው የመለሰበት።» ቀና ብላ አየችው። «ይልቅ እውነቱን ይንገሩኝ። ሰውዬው ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

እዚህ ላይ ነበር አፉን መያዝ። ግን የአራት ቀን ንዴት አለ፣ የሄኒንግ ደብዳቤ አለ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ የታፈነ ዝምታ አለ። ደሙ ፈላ።

«አይሠራም!» አለ ጠረጴዛውን በቡጢ ነርቶ። «ትከሻው አልቋል፣ ገባሽ? ግድግዳ ላይ አይረባም። ስሚንቶውን ማንም ያቦካዋል፤ የሚውልበት እንዳያጣ ብዬ ነው የሰጠሁት። ሁለት ክረምት ስድስታችን ነን የተሸከምነው። ከሄኒንግ ኪስ አንዲት ክሮነር አልወጣችም፤ ታዲያ እሱን ምን ጥልቅ አደረገው? ጻፊው! እንዳለ ጻፊው!»

ጻፈችው። እንዳለ። ከዚያ ለሄኒንግ የሚልከውን ቁልፍ ነካች።

ከስሱ ግድግዳ ማዶ አንድ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ተደራርበው ጮኹ፤ በመጨረሻም የፕሬበን ኪስ ውስጥ ያለው። አውጥቶ ሲያየው የገዛ ቃሉ ነው፤ ከ«አይሠራም» እስከ «ምን ጥልቅ አደረገው»፣ አንድም ሳይጎድል።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉ የለ? ፕሬበን ወንበሩ ላይ እንዳለ ቆሌው ተገፈፈ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?»

«ያዘዝከኝን!» እርስዎነቱ ቀርቶ ነበር። የእሷም ፊት ነጥቷል። «ለሰባታችንም አላልክም? አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠህ?»

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው!»

«አጠፋዋለሁ። አንብበውታል እኮ።»

«ርጉም!» አለና ተነሳ፤ ለማን እንዳለው ራሱም አያውቅም።

ምሳ ቤት ገብቶ ቆመ። የሚያኝክ ሰው የለም። ኤይናር መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ ስልኩን ከራሱ አርቆ ይዞ ያነባል። አንብቦ ጨርሶ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ሌሎቹ ስልካቸውን ገልብጠው አስቀምጠዋል፤ እንደዚያ ማድረግ የሚያድን ይመስል።

«‹ማንም ያቦካዋል› ይላል» አለ ኤይናር።

«ጋሼ፣ ስማኝ፣ ለሄኒንግ ነው። እሱን ለማሳመን ብዬ ነው እንጂ…»

«ውሸት ነው?»

ፕሬበን አፉን ከፈተ። ውሸት ነው ቢል ኖሮ! ለሄኒንግ ሲዋሽ አይጨንቀውም፤ ለዚህ ሰው ግን ሁለት ክረምት ዋሽቶ ዛሬ ዓይኑን እያየ መድገም አቃተው።

«ኧረ ተወው ጋሼ» ሊል ኬል ሞከረ፣ «እኔን ሲናፈጥ ዋለ ብለው ጽፈውብኝ የለ?» ማንም አልሳቀም።

«ትከሻዬን አውቀዋለሁ» አለ ኤይናር። ድምፁ አልጨመረም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «መሥራት እንዳቃተኝ የማላውቅ ጅል አደረጋችሁኝ? ‹ስሚንቶው ካንተ በቀር› ስትለኝ፣ ለዚህ እንኳ እረባለሁ ብዬ ነው በጨለማ እየተነሳሁ የመጣሁት። ሚስቴን ‹እኔ ካልደረስኩ እነዚያ ልጆች ሥራ አይጀምሩም› እላት ነበር። እናንተ ላይ ሆናችሁ ታዝኑልኛላችሁ!»

«አላዘንኩም! እንዳትሄድብን ነው ያልኩት!» ፕሬበን ጮኸ። «የሄኒንግ ጥፋት ነው፣ የዚች ሴትዮ ጥፋት ነው…»

ቲልዴ ከኋላው ላፕቶፗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። ያኔውኑ ስልኮቹ እንደገና ጮኹ፤ ሁሉም ደነገጡ። ሄኒንግ ነው፤ «ምክንያቱ ይበቃል። ከዛሬ ጀምሮ ቡድኑ እንደ አንድ ይቆጠር» ይላል።

ያ ፊት ለፊት መናገር የማይችል ሄኒንግ እሺ አለ! ፕሬበን የፈለገውን ሁሉ አገኘ። ሦስቱ ዓመት ተረፈ፤ ወረቀቱ ተረፈ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ እንኳ እንደሱ አልሆነችም።

«አየህ ጋሼ? አለቀ። ማንም አይነካህም» አለ ፕሬበን።

ኤይናር የዳቦ ሳጥኑን ከደነና ወደ ቲልዴ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ ስሜን ከቡድኑ አውጪልኝ።»

«እንዳትነኪው!» አለ ፕሬበን።

ቲልዴ ሁለቱንም አየች። «እኔ አላወጣም። የቡድኑን ቁጥር የሚያጸድቀው ካቦው ነው» አለች ቀስ ብላ። ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ፕሬበንን ጠየቀችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ውስጥ ቂም አልነበረም። «ስንት ልበል?»

«ሰባት።»

«ፕሬበን» አለ ኤይናር። «ሁለት ክረምት ዋሸህልኝ። እኔ ሳልጠይቅህ። አሁን እየጠየቅኩህ ነው፤ ከእንግዲህ ለክፉም ለደጉም ስለ እኔ አትዋሽ። ጡብ የሚደረድረው ስንት ሰው ነው?»

ፕሬበን አምስቱን ተራ በተራ አያቸው፤ አንዱም አላየውም። ይህን ሰው ከዚህ ቀደም እምቢ ብሎት አያውቅም፤ ቱምቢውን ሲያስይዘውም፣ በግንብ ጠርዝ ሲያራምደውም።

«ስድስት» አለ።

ቲልዴ ጻፈች። ኤይናር ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረደ። ቀኝ እጁ ወደ እጅጌው አልገባ አለው፤ ሦስቴ ሞከረ። ከስድስቱ አንዱም ተነስቶ ሊያግዘው አልደፈረም።